ከኮምፓስ እስከ ቆርቆሮ አጥር፦ የመስክና የሞገድ ቃላት ሳጥን፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ለሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች አንድ የእንጨት ሳጥን እያዘጋጀሁ ነው። ውስጡ የሚገባው ዕቃ በሙሉ ከቤት፣ ከራዲዮ ጥገና ቤትና ከምናለሽ ተራ የሚገኝ ነው። ሙል፣ መስክ፣ ፍሉክስ፣ ኢንዳክሽን፣ ድግግሞሽ፣ የሞገድ ርዝመት የሚባሉትን ቃላት ተማሪው ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን በእጁ እንዲያገኘው እፈልጋለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ የፋራዴይን ሕግ፣ የሚለወጥ የማግኔት መስክ ቮልቴጅ ይወልዳል የሚለውን፣ በቃሉ ይወጣዋል፤ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ሰጥታችሁ «እስቲ ከረንት አምጣ» ስትሉት ግን ማግኔቱን ጥቅሉ ውስጥ አስቀምጦ ይጠብቃል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፤ ልጁ ጎበዝ ነውና።

ስለዚህ ለሳጥኑ አንድ ደንብ አወጣሁ። አንድ ቃል ካርድ ላይ የሚጻፈው ያለ እሱ መቀጠል ሲያቅት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት

በሙል ጀመርን። ጊዜው ታኅሣሥ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ማታ ብርድ ልብስ ሲገፈፍ ብልጭ ብልጭ የሚልበት ወቅት። ይሄን ሥራ በክረምት መሞከር ልፋት ብቻ ነው፤ እርጥበቱ ሙሉን ይዞት ይሄዳል።

ዕቃው፦ ኤሌክትሪሻኖች ሽቦ የሚያሳልፉበት የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የሱፍ ሹራብ፣ የማርማላታ ብርጭቆ፣ የመዳብ ሽቦ፣ ከቸኮሌት መጠቅለያ የተቆረጡ ሁለት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች። ሽቦውን በፕላስቲክ ክዳኑ አሳልፌ ቅጠሎቹን ከታችኛው ጫፉ ላይ ጎን ለጎን አንጠለጠልኳቸው። ቧንቧው በሱፍ ተፈትጎ ከላይ ወደ ሽቦው ሲቀርብ ቅጠሎቹ ይራራቃሉ፣ ሲሸሽ ይገጥማሉ። ቧንቧው ሽቦውን ቢነካው ግን ከሸሸም በኋላ እንደተራራቁ ይቀራሉ።

እዚህ ጋ ሙል የሚለው ካርድ ተጻፈ። አንድ ዓይነት ሙል ያላቸው ይገፋፋሉ፣ የተለያየ ያላቸው ይሳሳባሉ፤ አንዱን አዎንታዊ፣ ሌላውን አሉታዊ እንላለን፤ መለኪያው ኩሎም ነው። አንድ ኩሎም በጣም ትልቅ ነገር መሆኑን ለማሳየት ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራነው። የ1 ኩሎም ሙል ያላቸው ሁለት ነገሮች በ1 ሜትር ርቀት ቢቀመጡ በመካከላቸው ያለው ኃይል 9 ቢሊዮን ኒውተን ይሆናል። የእኛ ቧንቧ የያዘው የኩሎምን ቢሊዮንኛ ክፍል በጥቂቱ ቢያባዙት ነው።

ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ቧንቧው ሳይነካው ቅጠሉ በምን አወቀ?» ብላ ጠየቀች። ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፋራዴይም ይሄው ጥያቄ አላስተኛ ብሎት ነው በሙሉ ዙሪያ ያለው ቦታ ራሱ ተለውጧል ወደሚለው ሐሳብ የደረሰው። የመስክን ካርድ እሷው ጻፈችው። የኤሌክትሪክ መስክ ማለት በአንድ ቦታ ላይ አንድ ኩሎም አዎንታዊ ሙል ብናስቀምጥ የሚያርፍበት ኃይልና የኃይሉ አቅጣጫ ነው። መለኪያው ኒውተን በኩሎም፤ ቮልት በሜትር ብንለውም ያው ነው።

እሑድ

መስኩን የሚያሳይ ነገር ፈልጌ ነበር፣ ተገኘ። ዝርግ የመስታወት ሳህን ላይ የጉሎ ዘይት፣ በላዩ ላይ የሰሞሊና ብናኝ በስሱ። የኃይል ምንጩ የዝንብና የትንኝ መግደያ ራኬት ነው፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ሰርኪዩት የባትሪውን ጥቂት ቮልት ከ1,000 ቮልት በላይ ያደርሰዋል። ከመረቦቹ ሁለት ሽቦ አውጥቼ ጫፋቸውን በዘይቱ ውስጥ በ2 ሳንቲ ሜትር ርቀት አስቀመጥኩ።

ቁልፉ ሲጫን መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ብናኙ አንድ በአንድ ዞር ዞር ይልና ጫፍ ለጫፍ ይያያዛል። ከአንዱ ሽቦ ተነስቶ ጎበጥ እያለ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰልፍ ይሠራል። በሽቦዎቹ አጠገብ ሰልፉ ጠበቅ ይላል፣ ራቅ ሲል ይላላል። የመስክ መስመር የሚለው ካርድ ወዲያው መጣ። መስመሮቹ ሲጠባበቁ መስኩ ብርቱ ነው፤ ሁለት መስመሮች አይቋረጡም፤ ምክንያቱም በአንድ ቦታ ላይ ኃይሉ ሁለት አቅጣጫ ሊኖረው አይችልም።

ይህን ለሚሠራ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ራኬቱ ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያለው ሙል አጠራቃሚ፣ ካፓሲተሩ፣ ሙል ይዞ ሊቆይ ይችላል። እጅ ከማስገባት በፊት ሁለቱን ሽቦ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ አገናኙ። ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ፣ ልጆቹ አይደሉም።

ስለ ብልጭታውም ጠይቀዋል። በባሕር ወለል ደረጃ ደረቅ አየር ተሰብሮ ብልጭታ የሚያሳልፈው መስኩ 3 ሚሊዮን ቮልት በሜትር ገደማ ሲደርስ ነው፤ ለ1 ሚሊ ሜትር 3,000 ቮልት ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ እዚህ ብልጭታው ከዚያ ባነሰ ቮልቴጅ ይዘላል።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ

የብረት ብናኝ ከብረታ ብረት ቤት በነፃ አገኘሁ፤ ግራይንደሩ ሥር የሚከማቸው ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ላይ ወረቀት አድርጎ መነስነስ ነው። ይሄን ሁሉም ሰው አይቶታል፣ አልቆይበትም። አንድ ነገር ግን ካርዱ ላይ አስገብቻለሁ፤ የኤሌክትሪክ መስክ መስመር ከሙል ተነስቶ ሙል ላይ ያርፋል፣ የማግኔት መስክ መስመር ግን መነሻም መድረሻም የለውም፣ በማግኔቱ ውስጥ አልፎ ዞሮ ይገጥማል። ማግኔት ለሁለት ቢሰበር ሁለቱም ስባሪዎች የየራሳቸው ሰሜንና ደቡብ ዋልታ የሚኖራቸው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ

ዛሬ የኮምፓሱ ቀን ነበር፤ እስካሁን ከሠራነው ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም።

መጀመሪያ የመስፊያ መርፌ ወገቡን በቀጭን ክር አሥረን እስኪተኛ ድረስ አስተካከልነው። ከዚያ በማግኔት ደጋግመን ወደ አንድ አቅጣጫ ጠረግነውና መልሰን አንጠለጠልነው። መርፌው ዞሮ ሰሜንና ደቡብን ያዘ፤ ግን አሁንም እንደተኛ ነው፣ ጫፉ ወደ መሬት አልዘቀዘቀም። ይሄ የሚሆነው እኛ ያለንበት ቦታ ልዩ ስለሆነ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ አዲስ አበባም ለእሱ በጣም ቅርብ ናት። እዚህ የምድር የማግኔት መስክ ከመሬት ጋር ትይዩ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ለንደን ላይ ይኸው መርፌ ወደ 66 ዲግሪ ወደ ታች ይዘቀዘቃል። ከሱቅ የተገዛው ኮምፓስ ደግሞ የደቡብ ጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ በሰሜኑ አገር ሰሜን ጫፉ እንዳይዘቀዝቅ ብለው በደቡብ በኩል ክብደት ስለሚያደርጉለት ነው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ኮምፓሱን እየተቀባበሉ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ጎን አድርገው ያዩት ጀመር።

አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲካሄድ ነው የተቋቋመው። በመግነጢሳዊ ወገብ ላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በቀን ብርሃን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ ከረንት አለ። ያ ከረንት ከምድር የሚለካውን የማግኔት መስክ በትንሹ ከፍ ያደርገዋል። የእኛ ኮምፓስ ያን ለማየት አቅም የለውም፤ የኦብዘርቫቶሪው መሣሪያ ግን ይመዘግበዋል። ከራሳችን በላይ የሚፈስ ከረንት መኖሩን ልጆቹ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ኮፐንሃገን ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ ኧርስተድ ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ ያለ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። እኛም ሽቦውን በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ ከኮምፓሱ በላይ ዘርግተን በባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ብቻ አገናኘነው፤ መርፌው ዞረ። ሽቦው ከኮምፓሱ በታች ሲሆን መርፌው ወደ ተቃራኒው ዞረ። መስኩ ሽቦውን እየዞረ እንደሚከበው ያስረዳን ይሄ ነው።

ከዚያ መለኪያ ሠራን። በኮምፔንሳቶ ላይ ዲያሜትሩ 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት አቁሜ 10 ዙር ሽቦ ጠመጠምኩበት፤ ኮምፓሱ መሐሉ ላይ ተቀመጠ። ኃይሉ ከስልክ ቻርጀር 5 ቮልት፣ ከሱ ጋር በተከታታይ 10 ኦም የሆነ የ5 ዋት ረዚስተር፣ ቴስተሩም በመሐል ከረንቱን እያነበበ። ሥራውን ክፍል ውስጥ አልሠራነውም። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ የኮምፓሱን መርፌ ያሳስተዋል፣ ስለዚህ ጠረጴዛውን የእንጨት መርጠን ወደ ሜዳው አወጣነው፤ ቻርጀሩን በረጅም ዲቫይደር አስከተልነው።

ቀለበቱን ከመርፌው ጋር በአንድ መስመር አስተካክለን ስናበራው መርፌው 46 ዲግሪ ላይ ቆመ። ቴስተሩ 0.48 አምፔር ይላል። በቀለበቱ መሐል ያለው መስክ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ 4 × 3.1416 × 10⁻⁷ × የዙር ብዛት × ከረንት፣ ይህ ሁሉ ለዲያሜትሩ ሲካፈል። ውጤቱ 37.7 ማይክሮ ቴስላ፤ ቴስላ የማግኔት መስክ መለኪያ ነው፣ ማይክሮ ደግሞ ሚሊዮንኛ ክፍሉ። መርፌው የቆመው በቀለበቱ መስክና በምድር መስክ መካከል ስለሆነ የምድሩን ለማግኘት ይሄን ለ46 ዲግሪ ታንጀንት ማካፈል ነው፤ 36.4 ማይክሮ ቴስላ መጣ። የአዲስ አበባ የምድር የማግኔት መስክ 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ነው!

በስልክ ቻርጀርና በ10 ዙር ሽቦ የምድርን መስክ ለካን። ቴስላ የሚለው ካርድ ጀርባ ላይ ልጆቹ ቁጥሩን ጻፉት።

ረቡዕ

የሞተር ጠምጣሚው ቤት ሄጄ ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ገዛሁ። በፕላስቲክ ቱቦ ላይ 2,000 ገደማ ዙር ጠመጠምኩ፤ ድሪሉ ላይ አስሮ ቀስ ብሎ ማዞር ሥራውን ያቀለዋል። ከጫፎቹ ላይ ቫርኒሹን በምላጭ ፍቄ ሁለት ኤልኢዲ (ጥቃቅን መብራት) አያያዝኩ፣ ቀይና ቢጫ፣ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ። ኤልኢዲ ከረንት የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነውና ከረንቱ ወዴት እንደሄደ ቀለሙ ይናገራል።

ብርቱ ማግኔት ሲገባ ቀዩ ብልጭ፣ ሲወጣ ቢጫው ብልጭ። ውስጥ ሲቀመጥ ግን ምንም። ቀስ ብሎ ሲገባም ምንም። ያ ማግኔቱን አስቀምጦ የሚጠብቀው ልጅ ይሄን ሲያይ የሚገባውን ነገር በአንቀጽ ጽፌ ማስረዳት አልችልም ነበር።

ፍሉክስ ማለት በጥቅሉ አፍ የሚያልፈው የማግኔት መስክ መጠን ነው፤ መስኩ ሲበረታ፣ አፉ ሲሰፋ፣ ወይም ፊት ለፊት ሲገጥመው ይጨምራል። መለኪያው ዌበር። በጥቅሉ ላይ ቮልቴጅ የሚወልደው ፍሉክሱ የሚለወጥበት ፍጥነት ነው፤ ይህ ኢንዳክሽን ነው። በዙሩ ብዛት ይባዛል። ፋራዴይ በነሐሴ 1831 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ውስጥ በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ አድርጎ ያየው ይሄንኑ ነው። ባትሪውን ሲያገናኝና ሲያላቅቅ ብቻ ነበር መርፌው የሚነቃነቀው።

የሌንዝን ሕግ ለማሳየት የአሉሚኒየም የመጋረጃ ዘንግ ቁራጭ ተጠቀምን። ማግኔት አልሙኒየምን አይስብም፤ ልጆቹ መጀመሪያ ይህን አረጋገጡ። ከዚያ ትንሹን ማግኔት በዘንጉ ውስጥ ለቀቅነው፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንደተለቀቀው ዱብ አላለም፣ እየተንቀረፈፈ ወረደ። የተወለደው ከረንት ሁልጊዜ የወለደውን ለውጥ ይቃወማል።

ሐሙስ ማታ

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሲመጣ ቀጠልን፣ ጨለማውም ጠቀመን። ያንኑ ቀይና ቢጫ ኤልኢዲ ከአሮጌ ራዲዮ በወጣ ባለ 6 ቮልት ትራንስፎርመር ላይ ከ330 ኦም ረዚስተር ጋር ገጠምኩት። ተቀምጦ ሲታይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የበሩ ይመስላሉ። በጨለማ በረጅም ሽቦው ይዛችሁ ስታወዛውዙት ግን ተለያይቶ ይወጣል። ቀይ ሰረዝ፣ ቢጫ ሰረዝ፣ ቀይ ሰረዝ፣ ቢጫ ሰረዝ። ከግድግዳው የሚመጣው ከረንት በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ድግግሞሽ 50 ሄርዝ፣ የአንዱ ዙር ጊዜ 0.02 ሰከንድ። ሁለት ካርድ በአንድ ማወዛወዝ።

አምፕሊቲዩድንም እዚሁ አያያዝኩት፤ ትራንስፎርመሩ 6 ቮልት ቢባልም ቮልቴጁ በየዙሩ ጫፍ ላይ ከ8 ቮልት በላይ ይደርሳል። ያ ጫፍ ነው አምፕሊቲዩድ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥገና ቤት

እስካሁን ያሉን ሁለት ነገሮች ናቸው። ከረንት የማግኔት መስክ ይወልዳል፤ የሚለወጥ የማግኔት መስክ የኤሌክትሪክ መስክ ይወልዳል። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል አንድ ጨመረ፤ የሚለወጥ የኤሌክትሪክ መስክም፣ ሽቦ ባይኖርም፣ የማግኔት መስክ ይወልዳል አለ። ያኔ አንዱ ሌላውን እየወለደ በባዶ ቦታ ሊጓዝ ይችላል። የዚህን ጉዞ ፍጥነት በኤሌክትሪክና በማግኔት ቋሚ ቁጥሮች ብቻ ሲያሰላው ከብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመለት። ሥራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ታተመ። እኔ ይሄን ባስተማርኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ማንም አንቴና ሳይሠራ፣ ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑ ከወረቀት ላይ ወጣ።

ለዚህ ክፍል ራዲዮ ያስፈልጋል። የሰፈራችን ራዲዮ ጠጋኝ አንድ አሮጌ ራዲዮ ከፍተው አሳዩኝ። «መምህር፣ ይቺን ጥቁር ዘንግ ታያታለህ? የኤኤም አንቴና ማለት እሷ ናት። የውጪው ዘንግ ለኤፍኤም ነው» አሉኝ። ጥቁሯ ፌራይት ናት፣ በላይዋ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ የሞገዱን የማግኔት መስክ ትይዛለች። ተጎትቶ የሚረዝመው ዘንግ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስኩን። ጋሼ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ራዲዮውን እያሽከረከሩ ጣቢያው የሚደክምበትን አቅጣጫ አሳዩኝ፤ የፌራይቷ ጫፍ ወደ ማሰራጫው ሲያመለክት የጣቢያው ድምፅ ይሰልላል። በአንድ ራዲዮ ውስጥ ሁለቱም መስኮች ለየብቻ ተይዘው መገኘታቸውን ለክበቡ ላሳይበት ብዬ ራዲዮውን ተዋስኩት።

እዚያው እያለን የጋዝ መለኮሻ አጠገቡ ቀጭ ቀጭ አደረግን። ኤኤም ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ የተቀመጠው ራዲዮ ለእያንዳንዱ ቀጭታ ጠቅ ይላል። ብልጭታ ሞገድ ይረጫል። የፊዚክስ ሊቁ ሄርዝ ጀርመን ካርልስሩኸ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1886 እስከ 1888 የሠራው መሠረቱ ይሄ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ራዲዮ ጫፎቹ ሊነካኩ ትንሽ የቀራቸው የሽቦ ቀለበት መሆኑ ነው፤ በክፍተቱ ላይ ደቃቅ ብልጭታ ይጠብቅ ነበር።

የሞገድ ርዝመትን ካርድ ለመጻፍ የተቸገርን አልነበርንም። ጀርመን ድምፅን በአጭር ሞገድ ያዳመጠ ሰው ሁሉ «በ25 ሜትር ባንድ»፣ «በ31 ሜትር ባንድ» የሚለውን ያውቀዋል። ያ ሜትር የሞገዱ ርዝመት ነው። ፍጥነት = ድግግሞሽ × የሞገድ ርዝመት። 300 ሚሊዮን ሜትር በሰከንድን ለ25 ሜትር ስናካፍል 12 ሚሊዮን ሄርዝ፣ ማለትም 12 ሜጋ ሄርዝ። የግድግዳው 50 ሄርዝስ? 6,000 ኪሎ ሜትር፤ ከአዲስ አበባ ለንደን ያለው ርቀት ያህል። ሸገር ኤፍኤም 102.1 ደግሞ 2.94 ሜትር፤ አንድ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቢቆም አይደርስበትም እንጂ ሩቅ አይደለም።

ከዚህ ተነስተን አንቴና ሠራን። ግማሽ ሞገድ 1.47 ሜትር ነው፤ ሽቦ ላይ በተግባር 5 ከመቶ ያህል ይቆረጣል፣ ስለዚህ በዱላ ላይ በግራና በቀኝ 70፣ 70 ሳንቲ ሜትር ሽቦ በናስትሮ ታሰረ። ከመሐሉ የዲሽ ገመድ ወጥቶ ራዲዮው ላይ ተበየደ። ዱላው ጎኑን ለማሰራጫው ሲሰጥ ጣቢያው ይጠራል፣ ጫፉን ሲያመለክት ይንሾካሾካል። በአግድም ይዞ ወደ ቁም ማዞርም ድምፁን ይለውጠዋል፤ ይህ የኤሌክትሪክ መስኩ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ነው፣ ፖላራይዜሽን ይባላል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሜዳው ላይ

ሄርዝ ሞገዱ በእርግጥ ሞገድ መሆኑን ያረጋገጠው በክፍሉ ግድግዳ ላይ 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የዚንክ ሉህ ለጥፎ ነው። ሞገዱ ሄዶ ዚንኩ ላይ ይመታና ይመለሳል፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ሲገናኙ በአንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ በአንዳንድ ቦታ ይጣፋሉ። የሚጣፉባቸው ቦታዎች በግማሽ የሞገድ ርዝመት ይራራቃሉ። የቆመ ሞገድ ይባላል።

እኛ ጋ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ በሽ ነው። የሜዳችን አጥር ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ነው፤ ፊቱ ክፍት ሜዳ ነው፣ ከተማው ከፊት ለፊት ነው።

አሠራሩ ይሄው፦ ራዲዮው 102.1 ላይ ሆኖ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንቴናው ሙሉ በሙሉ ገብቷል፤ ከተዘረጋ ጣቢያው ስለሚበረታ ልዩነቱ አይሰማም፣ ኤፍኤም ምልክቱ እስኪደክም ድረስ ድምፁን አይለውጥምና። የሰው አካልም ሞገዱን ስለሚያውክ ወንበሩን በገመድ ነው የጎተትነው፤ ጎታቹ ራቅ ብሎ በጎን በኩል፣ ሌሎቹ ጸጥ ብለው እያዳመጡ። ከአጥሩ ጀምሮ ወለሉ ላይ ሜትር ተዘርግቷል።

አጥሩን ተጠግቶ ሲነሳ ሸሸሸ ነው። ወንበሩ ትንሽ ሲጎተት ጣቢያው ይጠራል። ቀጥሎ እንደገና ሸሸሸ፤ አንዱ ተማሪ በጠመኔ ምልክት አደረገ። እንደገና ይጠራል። እንደገና ሸሸሸ፣ ሁለተኛ ምልክት። ሁለተኛው ምልክት ከቆርቆሮው 2.9 ሜትር ላይ ነበር፣ የመጀመሪያው በግምት ግማሹ ላይ። በየጊዜው መኪና ሲያልፍ ይረበሻል፤ ደጋግሞ መጎተት ያስፈልጋል። ሁለት ግማሽ ሞገድ አንድ ሙሉ ሞገድ ነውና የሞገድ ርዝመቱ 2.9 ሜትር። በ102.1 ሚሊዮን ሲባዛ 296 ሚሊዮን ሜትር በሰከንድ።

በቆርቆሮ አጥር፣ በፕላስቲክ ወንበርና በገመድ የብርሃንን ፍጥነት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ስሕተት ብቻ አገኘነው ማለት አጋነንኩት አይባልም፤ ትክክለኛው 299,792,458 ነው። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ሒሳቡን ሠርተው የጮኹት። አንዷ «ታዲያ ቆርቆሮው ጋ የኤሌክትሪክ መስኩ ከጠፋ ጉልበቱ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። እዚያ ቦታ ላይ የማግኔት መስኩ ከሁሉም በላይ ይበረታል፤ በቆመ ሞገድ ውስጥ አንዱ ባዶ በሚሆንበት ሌላው ሙሉ ነው። የኛ ኤፍኤም ዘንግ የሚሰማው የኤሌክትሪኩን ብቻ ስለሆነ እዚያ ጸጥ ይላል። የማግኔት መስኩን በ102.1 የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቀለበት ሠርታ ለማሳየት እሷው ተመዝግባለች።

እሑድ

ማይክሮዌቭ ምድጃ ያለው ቤተሰብ አበደረን። የሚሽከረከረውን መስታወትና ጎማውን አውጥቼ፣ ማዞሪያዋ ላይ ሳህን ደፍቼ፣ በላዩ ለጋ ቅቤ በስሱ የተቀባ ወረቀት አደረግሁ። ጥቂት ሰከንድ ብቻ በርቶ ሲወጣ ቅቤው በሙሉ አልቀለጠም፤ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆኖ ነው የቀለጠው፣ መሐሉ ነጭ እንደሆነ ነው። ምድጃውም የብረት ሳጥን ነውና የቆመ ሞገድ አለበት፤ የቀለጡት ቦታዎች መስኩ የሚበረታባቸው ናቸው። በጎረቤታሞቹ መካከል 6.2 ሳንቲ ሜትር ለካን። ሁለት ጊዜ 12.4፣ ከምድጃው ጀርባ የተጻፈው 2,450 ሜጋ ሄርዝ፤ ሲባዛ 304 ሚሊዮን። ባዶውን ምድጃ ማብራት ክልክል መሆኑ ካርዱ ላይ በቀይ ተጽፏል።

በሩ ላይ ያለውን ወንፊት አሳየኋቸው። ቀዳዳዎቹ ከአንድና ሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጡም፣ የሞገዱ ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር፤ አያልፍባቸውም። ብርሃን ደግሞ ርዝመቱ የሚሊ ሜትር ሺህኛም አይሞላ፣ እንደ ልቡ ያልፋል፤ ቅቤው ሲቀልጥ በዓይናችን የምናየው በዚያ ነው። ስልክን በአሉሚኒየም ፎይል ጥብቅ አድርጎ ጠቅልሎ መደወልም እዚሁ ገባ፤ አይጠራም። በሸክላ ድስት ውስጥ ሲሆን ይጠራል።

ለሚቀጥለው ሳምንት የቀረው የሳጥኑ ክፍልፋይ ነው። ማግኔቶቹ ከኮምፓሱና ከራዲዮው ርቀው እንዲቀመጡ የኮምፔንሳቶ መሐል ግድግዳ ያስፈልጋል፤ የራኬቱ ክፍል ቁልፍ ይኖረዋል። የቀለበት አንቴናው ሽቦ ተቆርጦ ተሰጥቷል።